ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ አካላቸው ስላልታየ ፕሮቲኖች



 የተጋበዝሁት በሰው አካል ውስጥ ስላሉ ፕሮቲኖች እንድናገር ነበር፤ ስለ ታወቁትና ስለ ተመረመሩት ግን የሚናገር መጽሐፍም መምህርም ስለማይታጣ፣ እኔ ዛሬ የመረጥሁት ገና ስላልታዩት፣ ማለት ይሠሩ ዘንድ ትእዛዛቸው በሰው ልጅ ዘር ውስጥ ተጽፎ ሳለ እስከ አሁን ድረስ ማንም መርማሪ አካላቸውን ይዞ በማያጠራጥር ማስረጃ ሊያሳያቸው ስላልቻላቸው መናገርን ነው።

ዓላማዬ እነዚህ ፕሮቲኖች ያልታዩበት ምክንያት አንድ አለመሆኑን ማስረዳት ነው፤ ከፊሉ ከነገሩ ከራሱ ባሕርይ፣ ከፊሉ ከመሣሪያችን ድካም የመጣ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ፣ ይህም ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ነው፣ መርማሪዎቹ በገዛ ራሳቸው ላይ ካወጡት ጽኑ ሕግ የመጣ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የጐደሉት ስንት እንደ ሆኑና ቍጥራቸው በምን እንደሚታወቅ፣ ቀጥዬም ፕሮቲን በምን ብልሃት እንደሚታይ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነገሬን ወደ አፍንጫ አዞራለሁ፤ ስለምን ወደ አፍንጫ እንደ ሆነ ስንደርስበት ይገለጻል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላመልክት።

የሰው ልጅ ዲ ኤን ኤ ተነብቦ ተጠናቀቀ ተብሎ በ2003 በታወጀ ጊዜ፣ የሕይወት ምሥጢር እንግዲህ ተገልጧል፣ የሚቀረው ዝርዝሩን መጻፍ ብቻ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን ዲ ኤን ኤ ትእዛዝ ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ምግብን በሆድ ውስጥ የሚያልመው፣ ኦክስጅንን በደም ተሸክሞ የሚያደርሰው፣ ጡንቻን የሚያኰማትረውና የሚያላላው፣ በሽታን ተጋፍጦ የሚከላከለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በታዘዘላቸው ተራ እየተከታተሉ ሲያያዙ የሚፈጠር ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዝዙት ጂኖች ከ20,000 ጥቂት የሚያንሱ መሆናቸው ታውቋል። የጂኑን ትእዛዝ አንብቦ የፕሮቲኑን አሚኖ አሲዶች ተራ በወረቀት ላይ ማስፈር ለዛሬ ተማሪ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በወረቀት የሰፈረው በእውነት በአንድ ሰው አካል ውስጥ፣ በአንድ ብልት፣ በአንድ ሕዋስ መሠራቱን ማሳየት ግን ፈጽሞ ሌላ ድካም ነው።

ይህን ድካም በአንድ አሳብ ለመሸከም በ2001 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሰው ፕሮቲዮም ድርጅት በ2010 ታላቅ የምርመራ ዕቅድ አወጣ፤ ፕሮቲዮም የሚባለውም በአንድ አካል ያሉ ፕሮቲኖች ሁሉ በአንድነት ሲጠሩ ነው። ጂኖቹን የተሸከሙት ክሮሞሶሞችም ለአገሮች ተከፋፈሉ፤ 18ኛው ለሩሲያ፣ 13ኛው ለኮርያ፣ 16ኛው ለስፔን፣ ኤክስ የተባለው ለጃፓን፣ ዋይ የተባለውም ለኢራን ሊቃውንት ደረሰ። በስዊስ አገር የተዘጋጀው ኔክስትፕሮት የተባለው መዝገብ ደግሞ እያንዳንዱን ፕሮቲን እንደ ማስረጃው ጽናት ከአምስት ማዕርግ በአንዱ ያኖረው ነበር። በመጀመሪያው ማዕርግ ያለው ራሱ ፕሮቲኑ የታየ ነው፤ በሁለተኛው ያለው ከጂኑ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚወጣው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ብቻ የታየለት፣ በሦስተኛው ያለው በሌላ እንስሳ አካል ውስጥ ዘመዱ የተገኘለት፣ በአራተኛው ያለው ደግሞ በስሌት ብቻ የተገመተ ነው። አምስተኛው መኖሩ ራሱ አጠራጣሪ ለሆነ ነገር የተተወ ስፍራ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ማዕርግ ያሉት በአንድነት የጠፉ ፕሮቲኖች ይባላሉ።

በዚህ መዝገብ የጠፉት በ2012 ቍጥራቸው 5,511 ነበረ፤ በ2020 ወደ 1,899፣ በ2022 ወደ 1,343 ወረደ፤ በ2023 ግን 1,381 ሆነ። የመጨረሻው ቍጥር በመቀነስ ፈንታ በ38 መጨመሩን ያስተዋለ አድማጭ፣ እንዴት ነው፣ ታይቶ የነበረ ነገር ተመልሶ ይሰወራልን ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ የጂኖቹ ዝርዝር ራሱ በየጊዜው ስለሚታረም፣ የቀድሞው ማስረጃም እንደ ገና ስለሚመዘን ነው፤ ተመዝኖ የቀለለ ማስረጃ ያለው ፕሮቲን ከመጀመሪያው ማዕርግ ይወርዳል። እኔ በዚህ ጭማሪ አላፍርም፤ እንዲያውም መዝገቡን እንዳምነው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ምክንያቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይታወቃል።

አሁን ፕሮቲን በምን ብልሃት እንደሚታይ ወደ ማስረዳት እሻገራለሁ፤ ብልሃቱን ያላወቀ ሰው ጐድሎ የቀረውን ሊረዳ አይችልምና።

ፕሮቲን እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ መርማሪው የሚያውቀው በክብደቱ ነው፤ መሣሪያውም ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ይህ መሣሪያ የሚመዝነው የሚበርና የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ነገር ብቻ በመሆኑ፣ እንደ ፕሮቲን ያለ ግዙፍ ሞለኪውል ሳይሰባበር እንዲበር ማድረግ ለብዙ ዘመን የማይቻል መስሎ ኖሮ ነበር፤ ይህን ችግር የፈቱት አሜሪካዊው ጆን ፌንና ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ሆኖም ሙሉውን ፕሮቲን መመዘን ዛሬም አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ መርማሪው አስቀድሞ ፕሮቲኑን ይቈራርጠዋል። የሚቈርጥበትም ትሪፕሲን የተባለው፣ በእኛው በቆሽት ውስጥ ተዘጋጅቶ በአንጀታችን ምግብ የሚያልመው ኢንዛይም ነው። ትሪፕሲን እንደ ተመኘ አይቈርጥም፤ ከሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ሁለቱን፣ ላይሲንንና አርጂኒንን፣ ባገኘ ቍጥር ከእነርሱ ቀጥሎ ይቈርጣል እንጂ። ቁራጮቹ ፔፕታይድ ይባላሉ፤ መሣሪያው እያንዳንዱን ፔፕታይድ ይመዝናል፣ እንደ ገና ሰባብሮ ስብርባሪውን ይመዝናል፣ ከክብደቱም ተነሥቶ ኮምፒዩተሩ ይህ ቁራጭ በመዝገብ ካሉት ፕሮቲኖች ከየትኛው ሊወጣ እንደሚችል ይገምታል።

ይህን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንድጠቀም ፍቀዱልኝ። በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ያሉ የብራና መጻሕፍት ሁሉ፣ ሁለት የታወቁ ፊደላት በተጻፉበት ቦታ ሁሉ ተቈርጠው በአንድ ቅርጫት ተደባልቀዋል እንበል፤ አንድ ሊቅም ቁራጮቹን እያነሣ በዕቃ ቤቱ የትኞቹ መጻሕፍት እንደ ነበሩ እንዲመሰክር ታዝዟል። «ወይቤ» የምትል ቃል ብቻ ያለባት ቁራጭ በእጁ ብትገባ፣ ከገድል ትሁን ከድርሳን፣ ከስንክሳር ትሁን ከወንጌል ሊፈርድ አይችልም፤ ይህች ቃል የሌለችበት መጽሐፍ የለምና። ረዘም ያለች፣ በሌላ መጽሐፍ የማትገኝ ንባብ ያለባት ቁራጭ ካገኘ ግን ያለ ፍርሃት ይመሰክራል። ከአንድ እናት ቅጂ የተጻፉ፣ በጥቂት ቃላት ብቻ የሚለያዩ ሁለት መጻሕፍት ከነበሩም፣ የሚለያዩባት ያች ቁራጭ እስክትገኝ ድረስ ሁለት መሆናቸውን ማንም አያውቅም። አንድ ሺህ ጊዜ የተገለበጠ ዳዊት ቅርጫቱን ሞልቶት ሳለ፣ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው መጽሐፍ ቁራጭ ከእጁ ሳትገባ ዘመኑ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው። በሰው አካል ውስጥ ከአንድ ጥንታዊ ጂን ተባዝተው የወጡ፣ እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የሚመሳሰሉ የፕሮቲን ወገኖች አሉ፤ ከእነዚህ የሚገኘው ቁራጭ የብዙዎች የጋራ ስለሚሆን ለአንዱም ምስክር አይሆንም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ሉሲንና አይሶሉሲን የተባሉት ሁለቱ አሚኖ አሲዶች ቅርጻቸው ልዩ ሆኖ ክብደታቸው ፈጽሞ አንድ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ የሚለያዩ ቁራጮች በሚዛን ፊት አንድ ናቸው። ሌላም አለ፤ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ በጊዜ ብዛት ተለውጦ አስፓርቲክ አሲድ ሊሆን ስለሚችል፣ መርማሪው የሚያየው ልዩነት የሌላ ፕሮቲን ምልክት ይሁን የዚያው ፕሮቲን እርጅና፣ በክብደቱ ብቻ መለየት አይቻለውም።

የአቈራረጡን ችግር ለማየት ደግሞ ሳርኮሊፒን የሚባለውን ትንሽ ፕሮቲን እንመልከት፤ በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየምን የሚገፋውን ፓምፕ የሚገታ ነው። መላ ርዝመቱ 31 አሚኖ አሲድ ነው። ትሪፕሲን ሲገባበት በሁለት ቦታ ይቈርጠዋል፤ መጀመሪያ 6 አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ፣ ቀጥሎ 21 ያላት፣ በመጨረሻም 4 ብቻ ያላት ትወጣለች። የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ከማጠራቸው የተነሣ ለምስክርነት አይበቁም። መካከለኛዪቱ ርዝመቷ የሚበቃ ቢሆንም፣ በሕዋሱ ውስጥ ባለ ሽፋን ተሰክታ የምትኖረው ክፍል እርሷ ስለ ሆነች አብዛኞቹ አሚኖ አሲዶቿ ውሃን የሚሸሹ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቁራጭ በውሃ አይሟሟም፣ ከመፈተሻው ብልቃጥ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ መብረርም እንቢ ይላል። ሳርኮሊፒን በሌላ መንገድ የታወቀ ስለ ሆነ ስለ መኖሩ የሚጠራጠር የለም፤ ነገር ግን በዚህ ብልሃት ብቻ ይፈለግ ቢባል ምን ያህል ያስቸግር እንደ ነበር ከሦስቱ ቁራጮች ይታያል። ሁላችን በስሙ የምናውቀው ኢንሱሊንም ቢሆን ከሁለት ሰንሰለቶቹ አንዱ ላይ፣ 21 አሚኖ አሲድ ባለው ላይ፣ ላይሲንም አርጂኒንም ስለሌለ ትሪፕሲን የሚቈርጥበት ቦታ አያገኝም።

የብዛትና የጥቂትነትን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ በመጽሐፍ ሁሉ የተጻፈ ነውና። በአንድ ሚሊ ሊትር የደም ፕላዝማ ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከ35 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲገኝ፣ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው ጥቂት ፒኮ ግራም ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ቢሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ከፕላዝማ ፕሮቲን ክብደት 99 በመቶ ያህሉ የሃያ ሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ብቻ ነው። መሣሪያው ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጽበት ከሚመጡለት ቁራጮች ጐልተው የታዩትን መርጦ የሚሰባብር ስለ ሆነ፣ ብዙው ለብዙ ጊዜ ይመረመራል፣ ጥቂቱ ተራው አይደርሰውም። በዲ ኤን ኤ ምርመራ ይህ ችግር የለም፤ ኬሪ መሊስ በ1983 ባገኘው ብልሃት አንዲት የዲ ኤን ኤ ቅንጣት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ትባዛለችና። ፕሮቲንን እንዲህ የሚያባዛ ብልሃት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ያለው ያው በናሙናው ውስጥ የተገኘው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቃል እንደ ገባሁት ወደ አፍንጫ እመጣለሁ፤ እስከ አሁን የተናገርኋቸው ችግሮች ሁሉ በአንድነት የተሰበሰቡት በዚያ ስለ ሆነ ነው።

ሽታን የሚለዩት ፕሮቲኖች የሽታ ተቀባዮች ይባላሉ። ጂኖቻቸውን ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል በ1991 አሳውቀው፣ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በሰው ዘር ውስጥ ሥራ ላይ የሚውሉት የሽታ ተቀባይ ጂኖች ወደ 400 ገደማ ናቸው፤ ፕሮቲን ከሚያሠሩት ጂኖች ሁሉ ከሃምሳ አንዱ ማለት ነው፤ ለአንድ የስሜት ብልት የተሰጠ ይህን ያህል ብዙ ጂን ሌላ አላውቅም። የሚኖሩት በአፍንጫ ዋሻ ጣሪያ ላይ፣ ጥቂት ካሬ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ስስ ሥጋ ውስጥ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ነው። በዚያም ላይ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ከአራት መቶው አንዱን ብቻ መርጦ ይሠራል፤ ስለዚህ ከዚያች ስስ ሥጋ አንድ ቅንጣት ወስደን ብንመረምር፣ እያንዳንዱ ተቀባይ በውስጧ ካሉት ሕዋሳት በእጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ይገኛል። ተቀባዩም የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየወጋ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ብዙው ክፍሉ እንደ ሳርኮሊፒን መካከለኛ ቁራጭ ውሃን የሚሸሽ ነው። እርስ በርሳቸውም ወንድማማቾች ናቸው፤ ብዙ ቁራጭ ይጋራሉ። ስፍራው ጠባብ፣ ቍጥሩ ጥቂት፣ ባሕርዩ አስቸጋሪ፣ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ሁሉ በአንድ ወገን ተገናኝቷል።

በግንቦት 2014 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ እትም ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ወጡ። አንዱ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና በሕንድ በባንጋሎር ከተማ ሊቃውንት፣ ሌላው በጀርመን አገር በሙኒክ ሊቃውንት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለቱም የሰውን ፕሮቲዮም የመጀመሪያ ረቂቅ ካርታ አዘጋጀን አሉ። የመጀመሪያው ጤነኛ ከሆኑ 30 ዓይነት የሰው ብልቶችና ሕዋሳት ናሙና ወስዶ ከሚጠበቁት ጂኖች የ84 በመቶውን ፕሮቲን አየሁ አለ፤ ሁለተኛው 92 በመቶ አለ። ዓለም ሁሉ አደነቀ፤ ሊያደንቅም ይገባ ነበር፤ የተሰበሰበው መረጃ ዛሬም የሚያገለግል ነውና። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከማድሪድ ጥቂት መርማሪዎች ተነሥተው አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ስንት የሽታ ተቀባይ ታየ ተብሏል? ሁለቱም ጥናቶች ከአፍንጫ ሥጋ አንዳች ናሙና አልወሰዱም፤ ሆኖም ከ100 የሚበልጡ የሽታ ተቀባዮች ተገኙ ተብለው ተመዝግበው ነበር። በጕበት፣ በኵላሊትና በልብ ውስጥ የአፍንጫ ፕሮቲን በዚህ ብዛት ሊገኝ አይገባውም፤ የማስረጃዎቹም ስፔክትረሞች፣ ማለት መሣሪያው የመዘገባቸው የስብርባሪዎቹ ክብደቶች፣ አንድ በአንድ ሲታዩ አብዛኞቹ የማያስተማምኑ ሆኑ። የማድሪዶቹ መርማሪዎች የደመደሙት የተቈጠረው ከታየው ይልቅ በብዙ የበዛ እንደ ሆነ ነው።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ይህን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት እወዳለሁ፤ የንግግሬ ልብ ይህ ነውና። ኮምፒዩተሩ አንድን ስፔክትረም ከአንድ ፔፕታይድ ጋር ሲያገናኝ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሥራው የሚፈቅደውም ስሕተት እንደ ልማድ ከመቶ አንድ ነው። ከመቶ አንድ ሲባል የጥቂት ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ግንኙነት ቢኖር ሐሰተኞቹ 10,000 ይሆናሉ። እውነተኞቹ 990,000 ብዙ ሆነው ባሉት ፕሮቲኖች ላይ ይከማቻሉ፤ አልቡሚን አንድ ሺህ ጊዜ ቢታይ አንድ ፕሮቲን ነው የሚቈጠረው። ሐሰተኞቹ ግን ዕጣ እንደ ተጣለ በመዝገቡ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት ይበተናሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹም ማንም ካላያቸው ፕሮቲኖች ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን ያልታየ በሆነ መጠን፣ ታየ የሚለው ወሬ ሐሰት የመሆኑ ዕድል እየበዛ ይሄዳል። ብዙ ጥናቶችንም በአንድ ላይ መደመር ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ እውነተኞቹ በየጥናቱ እነዚያው ሲሆኑ ሐሰተኞቹ በየጥናቱ አዲስ ናቸውና፣ ድምሩ በጨመረ ቍጥር የሐሰቱ ድርሻ ያድጋል። ከነገሩ ፀባይ የተነሣ፣ የሰው ልጅ የሚመኘው ነገር፣ ማለት አዲስ ግኝት፣ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚሰበሰብበት ስፍራ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የተነሣ ዓለም አቀፉ ድርጅት ሕጉን አጠበቀ። አንድ ፕሮቲን ወደ መጀመሪያው ማዕርግ ይወጣ ዘንድ በማስ ስፔክትሮሜትር የሚቀርብለት ማስረጃ ቢያንስ ሁለት ፔፕታይዶች መሆን አለበት፤ እያንዳንዳቸው ከ9 አሚኖ አሲድ ያላነሱ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልተካተተ፣ ሁለቱም በሌላ ፕሮቲን ውስጥ ፈጽሞ የማይገኙ ሊሆኑ ይገባል። የሚያጠራጥር ከሆነም ያው ፔፕታይድ በኬሚስት እጅ ተሠርቶ ስፔክትረሙ ከተገኘው ጋር ጐን ለጐን ይታያል። ሕጉ እንደ ሕግ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ሳርኮሊፒንን የመሰለ ትንሽ ፕሮቲን ሁለት እንዲህ ያሉ ቁራጮች ከቶ ሊወልድ ስለማይችል፣ ሌላ ምስክር ካልተገኘለት ለዘለዓለም ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ ያልታየ ከምንለው ውስጥ ከፊሉ በእውነት ታይቶ ምስክርነቱ ያልጸደቀለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ሕጉ ከልክ ያለፈ ጥብቅ ነው ይላሉ፤ አሳባቸውን አከብራለሁ። እኔ ግን መዝገቡ ባዶ ስፍራ ይዞ መቈየቱን በተሳሳተ ስም ከመሞላቱ እመርጠዋለሁ፤ ባዶው ስፍራ ሌላ መርማሪ ይጠራል፣ በሐሰት የተሞላው ግን በሩን ይዘጋል። የ2023ቱ ቍጥር በ38 በመጨመሩ አላፍርም ያልሁት ስለዚህ ነበር።

የስፍራውን ነገር ከአፍንጫ ጋር ብቻ እንዳላስቀረው አንድ ቃል ልጨምር። ብዙ ጂኖች በመላ አካል ውስጥ ዝም ብለው በአንድ ብልት ብቻ ይሠራሉ፤ በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው የወንድ የዘር ፍሬ ነው። በስዊድን በማቲያስ ኡሌን የተጀመረውና ፕሮቲኖችን በአንቲቦዲ እየፈለገ በብልት በብልት የሚያሳየው የሰው ፕሮቲን አትላስ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በአንድ ብልት ተለይተው የሚሠሩ ጂኖች ከሁሉ በዝተው የተገኙት በዚያ ነበር። የፈረንሳይና የስዊስ መርማሪዎችም ይህን አስተውለው የወንድ ዘር ሕዋስን በጥንቃቄ ሲመረምሩ፣ ለዓመታት የጠፉ ይባሉ ከነበሩት ብዙዎቹን አገኙ። እነዚያ ፕሮቲኖች ተሰውረው አልነበሩም፤ ሰው ሁሉ ደምንና ዕጢን፣ በላቦራቶሪ የሚራባ ሕዋስንም እየመረመረ ወደ ስፍራቸው ሳይሄድ ቀርቶ ነበር እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ የመዝገቡን የራሱን ጕድለት መናገር ይገባኛል። በመዝገቡ ያለ ስም ሁሉ በእውነት የሚሠራ ነገር ስም ነው ማለት አይቻልም። በሰው ዘር ውስጥ በጥንት ጊዜ ሠርተው ኋላ ተበላሽተው የቀሩ ጂኖች አሉ፤ ከሽታ ተቀባዮች ወገን ብቻ እንዲህ የሞቱት ከሚሠሩት የማያንሱ ናቸው፤ ከሚሠሩት ጋር ከተቈጠሩትም ውስጥ በእውነት የሞተ አይገኝም ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለውን የሚፈልግ መርማሪ መሣሪያው ምንም ቢሻሻል አያገኘውም። በአንጻሩ ደግሞ፣ ከ100 አሚኖ አሲድ በታች የሆነ ትእዛዝ እንደ አጋጣሚ ነገር እየተቈጠረ ለብዙ ዘመን ከዝርዝሩ ሲገለል ስለ ኖረ፣ በእውነት ተሠርተው ሳሉ ስማቸው ያልተጻፈ ትናንሽ ፕሮቲኖች መኖራቸው እየታወቀ መጥቷል። ስም ያለው አካል አጥቶ፣ አካል ያለው ስም አጥቶ ይገኛል።

መዝገቡ የተመሠረተበት ንባብ የማን እንደ ሆነም ማስታወስ ደግ ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ ሆኖ ከቀረበው ከመጀመሪያው ንባብ 70 በመቶ ያህሉ የተወሰደው፣ በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ በጋዜጣ ማስታወቂያ ከተጠሩት ፈቃደኞች ከአንዱ ሰው ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያገናኘው በመዝገብ ካለው ጋር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከእኛ መካከል የአንዱ ሰው ፕሮቲን በአንዲት አሚኖ አሲድ ከዚያ ንባብ ቢለይ፣ ያች ቁራጭ በትክክል ተመዝና ሳለች የማትታወቅ ሆና ትጣላለች። የአፍሪካ ሕዝብ በዘሩ ከሌላው ዓለም ሕዝብ ሁሉ ይልቅ ብዙ ልዩነት ያለበት በመሆኑ ይህ ነገር በእኛ ላይ ይበረታል። ለጠፉት ፕሮቲኖች ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አላጋንንም፤ ያንዱ ፕሮቲን ሌላ ቁራጭ ሊገኝ ይችላልና፤ ነገር ግን ከእኛ አገር የተወሰደ ናሙና በእንግዳ መዝገብ ሲነበብ ምን እንደሚጐድልበት ወጣት መርማሪዎቻችን አስቀድመው ቢያውቁት ይበጃል።

እንግዲህ የቀሩትን ለማየት ምን እየተደረገ ነው? በትሪፕሲን ፈንታ ሌላ ቦታ የሚቈርጡ ኢንዛይሞችን መጠቀም፣ ከሕዋስ ሽፋን ፕሮቲንን የሚያላቅቅ ሳሙና መሰል ነገር ማዘጋጀት፣ አንድን ፔፕታይድ ብቻ ለይቶ እንዲጠብቅ መሣሪያውን ማዘዝ፣ እነዚህ ሁሉ የተለመዱ ሆነዋል። የድርጅቱም አሳብ ፕሮቲኑን ከማየት አልፎ የእያንዳንዱን ሥራ ወደ ማወቅ እየተሻገረ ነው። ከጠፉት መካከል ትልቁ ወገን ግን ዛሬም የሽታ ተቀባዮች ናቸው። ይህ ወገን ለሽታ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ሲሶ ያህሉ የሚሠሩት የሽታ ተቀባዮች በሚገኙበት በዚያው ሰባት ጊዜ ሽፋን በሚወጋ ትልቅ ነገድ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ የጐደለው መሣሪያ ብቻ አይደለም። ከአፍንጫ ጣሪያ የሚፈለገው ሥጋ ከሕያው ሰው በብዛት ሊቈረጥ አይገባም፤ ከሙት የሚወሰድ ከሆነም ፕሮቲኑ ከሞት በኋላ መበላሸት ስለሚጀምር ሳይዘገይ መወሰድ አለበት፤ ያች ሰዓት ደግሞ ቤተ ሰቡ በልቅሶ ላይ ያለባት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት ቀርቦ በአክብሮት የሚጠይቅ ሐኪም፣ ጠይቆም እንቢታን ያለ ቅሬታ የሚቀበል ሥርዐት፣ ፈቃድ ሲገኝም ናሙናውን ወዲያው የሚያቀዘቅዝ ቤት ያስፈልጋል፤ ከቀሩት ከአንድ ሺህ ከሚበልጡት ብዙዎቹ የሚጠብቁት ይህን ነው።